አባቴና ጅቧ በአንድ ሥዕል

የልጅ ልጆቼ ከሲኒማ ሲመለሱ ከበውኝ ይቀመጡና ያዩት ፊልም እንዴት እንዳስፈራቸው ያወሩልኛል። አንዷማ ባለፈው እናቷ ሥር ተሸጉጣ ነው ያደረችው። እሰማቸዋለሁ። እኔ እኮ የሚያስፈራ ፊልም ሲሠራ እዚሁ አዳማ፣ እዚሁ ባቡር ጣቢያው ጀርባ አይቻለሁ። ለደሙ የሚሆነውን ተልባ የወቀጥኩት እኔ ነኝ፤ ጅቧን አጥንት ያበላሁት እኔ ነኝ። ይህን ብላቸው አያታችን ጃጀች ነው የሚሉት። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይኸው እስከ ዛሬ ኖርኩ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ስለሆነ እጄ ቶሎ ይዝላል፤ ቢሆንም ነገሩን ሳልጽፈው ብሞት አባቴ የሚቀየመኝ ይመስለኛል።

ጊዜው ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ጣልያን አልመጣም። ናዝሬት የሚለው ስምም አልመጣም፤ ከተማዋ አዳማ ብቻ ነበረች፣ ያውም ከተማ ከተባለች። ባቡር ጣቢያው፣ የነጋዴዎቹ የቆርቆሮ ቤቶች፣ ከዚያ ወዲያ የሣር ጎጆና አቧራ። የሁሩታ ስንዴ በአህያ፣ የቆላው ቆዳ በግመል እየመጣ ባቡር ላይ ይጫናል። እኛም ከደጋ ተነሥተን ወደዚያ የወረድነው ሰው በበዛበት አገር ማንም ማንንም አይጠይቅም ብለን ነበር። ኤዲያ። ሰው በበዛበት አገር ጠያቂውም ይበዛል።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ዛሬ ቃሏን ስጽፋት ትቀላለች፤ ያኔ ግን ቀጥቃጭ ማለት ቡዳ ማለት ነው። ማረሻ ሲስል፣ ማጭድ ሲያወጣ እጁ ይባረክ ይሉታል፤ ማረሻቸውን ተሸክመው ከአጥራችን ሲርቁ ደግሞ ያማትባሉ። ደጃፋችን አይቀመጡም። ሥራው እስኪያልቅ ምሳ ከደረሰባቸው ፊታቸውን አዙረው፣ ምግባቸውን በጋቢያቸው ከልለው ነው የሚጎርሱት፣ የአባቴ ዓይን እንዳያርፍበት። የሰፈሩ ልጅ ሆዱን ሲቆርጠው የእኛ ስም ይነሣል። ሲመሽ ጅብ ሆኖ ይዞራል፣ መቃብር ይቆፍራል ይሉታል። እኔን የሚያንጨረጭረኝ ግን ሌላ ነው፤ ጣቢያው ውስጥ ለፈረንጅ ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው ባርኔጣ ደፍቶ ሲያልፍ ሰዉ ሁሉ ብድግ ይልለት ነበር። ያው ብረት፣ ያው መዶሻ። ለፈረንጅ ሲሆን ሥራ ነው፣ ለእኛ ሲሆን ቡዳነት።

እናቴ የሞተችው ወደ አዳማ በመጣን በዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲያ ወናፉን የምነፋው እኔ፣ ቤቱን የምይዘው እኔ ሆንኩ። እሷ ሳለች አባቴን አንቱ ነበር የምለው፤ ሁለታችን ብቻ ስንቀር አንቱታው ሳናውቀው ቀረ። ማንን ለማስደነቅ ብለን።

አባቴ በዚህ ዓለም ላይ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከሚካኤል ማኅበርተኞች ጋር ከአንድ ጽዋ መጠጣት። ማኅበርተኞቹ በየወሩ በአሥራ ሁለት በተራ እየደገሱ ይሰበሰባሉ፤ ቄሱ ይባርካሉ፣ ጽዋው ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል። ሲያበቃ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ለሚቀጥለው ባለተራ ይሰጥና እስከ ሌላው ወር እሱ ቤት ይቀመጣል። አባቴን መባረር ባያባርሩትም ቦታው በሩ ሥር ነበር። መጠጫውንም ከቤቱ ይዞ ነው የሚሄደው። የፈረንጅ ቅቤ የመጣበትን ጣሳ አንሥቶ እጀታ ገጥሞለታል። በዚያ ጣሳ ከላይ ያፈሱለታል፣ ጣሳውን ሳይነኩ። ሲመለስ በአመድ አሽቶ፣ አጥቦ፣ ግድግዳው ላይ በሚስማር ይሰቅለዋል። ስንት ዓመት እንዲህ ሆነ። እኔ ብሆን ጣሳውን ፊታቸው ላይ ወርውሬ እመጣ ነበር፤ እሱ ግን እንደዚያ አልተፈጠረም።

ቄሱ የነፍስ አባታችን ነበሩ። ማኅበርተኞቹን እየለመኑ፣ እየገሠጹ፣ በመጨረሻ አሸነፏቸው መሰለኝ፤ በመስከረሙ ስብሰባ ላይ የኅዳር ሚካኤል ተራ ለአባቴ ይሁን ተባለ። ጥቅምት ላይ ጽዋውን ይረከባል፣ ኅዳር ላይ እኛ ቤት መጥተው ይበላሉ፣ አባቴም ከእነሱ ጋር ከጽዋው ይጠጣል። ከንፈራቸውን ነክሰው የተስማሙ ነበሩ፣ ግን ተስማሙ። አባቴ በዚያ ቀን ሲመለስ ጣሳውን እንኳ ሳያጥብ ምድጃው ፊት ቁጭ አለ። ምን ሆንክ ስለው፣ ሊመጡ ነው አለኝ።

ግሪኩ የገባው እንግዲህ በዚህ መሐል ነው።

ግሪኩ ቆዳ ነጋዴ ነው፤ መጋዘኑ ከእኛ ቤት ብዙም አይርቅም። አማርኛውን ከሸክም ሠራተኞች የለመደው ስለሆነ ስድብ ላይ ይበረታል፣ ምርቃት ላይ ይደናቀፋል። ክፉ ሰው ግን አልነበረም። ከአንድ አገር ጎብኚ ፈረንጅ የሲኒማ ማንሻ ሳጥን ገዝቶ፣ ከሳጥኑ ጋር ጥቂት ጥቅል ፊልም አግኝቶ ልቡ ተነሣ። በልጅነቱ እስክንድርያ ሳለ ሰው ሊፈራ ብሎ ገንዘብ ከፍሎ የሚገባበት ቤት ነበረ አሉ፤ እኔም እንደዚያ ያለ ሠርቼ አዲስ አበባ አሳያለሁ አለ። የሸክም ሠራተኞቹ ከነገሩት ወሬ ሁሉ የመረጠው ደግሞ ቀን ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሲመሽ ጅብ ሆኖ መቃብር የሚቆፍር ሰው ታሪክ ነው። ይህን ሰው ሆነህ ታይልኝ እያለ ጣቢያውን ሲዞር ሁሉም እያማተበ ሸሸው። በመጨረሻ የምድጃችንን እሳት አይቶ፣ እሳቱ ለሥዕል ያምራል ብሎ ወደ አባቴ መጣ። ምን ዓይነት ሰው ደጅ ቆሞ ምን እንደሚጠይቅ ጨርሶ አልገባውም ነበር።

አባቴ ሁሉንም አዳምጦ ሲያበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «ገንዘብ ከፍለው ነው የሚፈሩት? እኔን እኮ በነጻ ነው የሚፈሩኝ።»

ግሪኩ ሳቀ። አባቴም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ምክንያቱም አባቴ እሺ ሊል እንደሆነ ከፊቱ አይቼዋለሁ።

በዚያ ቀን ተጣላን። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም አልኩት። ኅዳር ሚካኤል ይለፍ፣ ሰዎቹ መጥተው ይብሉ፣ ይጠጡ፣ ከዚያ በኋላ ጅብ ሁን፣ ነብር ሁን፣ የፈለግከውን ሁን። አባቴ እንዲህ ስቆጣ ብረቱን እሳት ውስጥ ከትቶ ወናፉን እንድነፋ በአገጩ ያሳየኛል። ነፋሁ። ብረቱ ሲቀላ ያሰበውን ነገረኝ።

«ቡዳ የሚሉኝ ስላላዩ ነው፤ ካዩ ይተዉታል። እኔና ጅቡን ጎን ለጎን ቆመን ይዩን። ሰው ከራሱ ጎን ሊቆም አይችልም።»

ከግሪኩ ጋር የተስማማውም በዚሁ ነው፤ የፊልሙ መጨረሻ ላይ አባቴ ንጹሕ ልብስ ለብሶ ከጅቡ ጋር በአንድ ሥዕል ይታያል። ሌላው ሁሉ እንደ ግሪኩ ፍላጎት፣ ያቺ አንዷ ሥዕል እንደ አባቴ። ግሪኩ ደረቱን መትቶ እሺ አለ። ነገሩ ተንኮል የለውም፤ እኔም ስሰማው እውነት መሰለኝ። ቁጣዬ ግን አልበረደም።

ጅቧ ከሐረር አገር በባቡር መጣች። የሐረር ሰዎች ጅብን በስም እየጠሩ እንደሚያበሉ እንሰማ ነበር፤ ባለቤቷ ከእቃ ፉርጎው ላይ በገመድ እየሳበ ሲያወርዳት ጣቢያው በአንድ ጊዜ ባዶውን ቀረ። ሰውየው የአባቴ እኩያ የሚሆን፣ ጺሙን በሒና ያቀላ እስላም ነው። ከልጅነቷ አሳድጓታል፤ በኦሮምኛ ዋራቤሳ፣ ዋራቤሳ፣ ጅቤ ጅቤ ማለቱ ነው፣ እያለ ያባብላታል። ግሪኩ ከመጋዘኑ ጀርባ ቆዳ አስነጥፎ ቦታ ሰጣቸው። አባቴ ያን ሲያይ፣ ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለውስ ለካ እውነት ነው ብሎ አሳቀን። ሐረሬውም ተረቱን ሲተረጉሙለት ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ፊልም መሥራት የሚባለው ነገር አድካሚ ነው። እኔ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ የደከመኝን ጊዜ አላስታውስም። ማታ ነው የተባለው ሁሉ የተነሣው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ መድኃኒት ውስጥ ሲነከር ይጨልማል አለ ግሪኩ። የአዳማ ፀሐይ ከላይ፣ የምድጃው እሳት ከፊት፤ አባቴ መሐል ላይ ፊቱን በዱቄት ተለቅልቆ ይቆማል። ላቡ ዱቄቱን ሊጥ ያደርገዋል፤ ጠርጌ እንደገና እለቀልቀዋለሁ። ደሙ፣ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ፣ በተልባ ውሃ የተለወሰ የከሰል ዱቄት ነው፤ እጄ እስከ ክርኔ ድረስ ጠቁሮ ሰነበተ። አስከሬኑ በአቡጀዲ የተጠቀለለ ጥሬ ቆዳ ነው፤ መቃብሩም የባቡሩ ከሰል አመድ የተከመረበት ጉብታ። ጥቅሎቹ በሙቀት እንዳይበላሹ እርጥብ ጆንያ ውስጥ ነበሩ፤ ጆንያው ሲደርቅ እየሮጥኩ ውሃ የማጠጣውም እኔ። ግሪኩ ፊልሙ እንዳያልቅበት እጀታውን በስስት ነበር የሚያዞረው።

ሰው ወደ ጅብ የሚለወጠው እንዲህ ነው። አባቴ ምድጃው ፊት እጁን ወደ ላይ ያነሣል። ግሪኩ ቁም ይልና እጀታውን ያቆማል። አባቴ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ጅቧ በቦታው ትገባለች፣ እጀታው እንደገና ይዞራል። በቃ። ግን ጅቧ መቆም እምቢ አለች። የምድጃው ሙቀት ተስማምቷት ዝርፍጥ ብላ ትተኛለች። ቀስቅሰናት፣ አጥንት አሳይተናት፣ ተነሥታ ደግሞ ትተኛለች። አባቴ በዚያ ሁሉ መሐል እጁን እንዳነሣ እንደ ግንድ ቆሞ ይጠብቃል፣ ቦታው እንዳይጠፋ። ጥርሷን እንድታሳይ ቢለምኗት፣ ቢቆጧት፣ ወይ ፍንክች፤ በስተመጨረሻ አዛጋች። ግሪኩ ያንን ማዛጋት ሲያገኝ ደስ ብሎት ባርኔጣውን መሬት ላይ ወረወረ።

ጉትቻም ነበረ። ጅብ ተገድሎ ጆሮው ላይ ጉትቻ ተገኘ የሚለውን ወሬ ግሪኩ ሰምቷልና አባቴን ሁለት እኩያ ጉትቻ ሥራልኝ አለው። አባቴ ከመዳብ ሽቦ ሠራቸው፤ አንዱ ከሌላው አይለይም። አንዱን እሱ ጆሮ ላይ በክር አንጠለጠልን፣ ሌላውን ጅቧ ጆሮ ላይ። አንጠልጥዬ ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ጅቧ እንኳ አላጉረመረመችም።

መጨረሻ ላይ የአባቴ ሥዕል ተራ ደረሰ። አባቴ ቤት ሄዶ ታጥቦ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበትን ነጭ ኩታ ለብሶ መጣ። ግሪኩ ሳጥኑን ከፍቶ አየ፣ አባቴን አየ፣ አንገቱን አከከ። ከዚያ ሳጥኑን ዘግቶ ና ቁም አለው። አባቴ ከጅቧ ጎን ቆመ፤ ሐረሬው ገመዱን ሰጥቶት ዞር አለ። አባቴ ግራ እጁን ጅቧ ራስ ላይ አሳርፎ ቀጥ ብሎ ወደ ሳጥኑ ተመለከተ። ግሪኩ አዞረ። እጀታው ያለወትሮው ቀለል ያለ ድምፅ ነበረው፤ ሰማሁት፣ ግን ምን አውቄ። አባቴን እንደዚያ ቀን ቆንጆ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ጥቅምት አሥራ ሁለት ቀን ጽዋው እኛ ቤት ገባ። አባቴ ለጽዋው መቀመጫ የሚሆን መደርደሪያ አስቀድሞ ሠርቶ ነበር። በነጭ ጨርቅ እንደተሸፈነ አስቀመጠው፤ እኔ ሰበብ እየፈለግኩ ፊት ለፊቱ አልፍ ነበር። ግሪኩ ፊልሙን ለማሳጠብ በባቡር አዲስ አበባ ሄደ። ጠላውን ጠነሰስኩ፣ በጉን ቀለብኩ። እኔም፣ ምን ልደብቅ፣ ቁጣዬ ወጥቶልኝ ነበር። ሰው ሆነን ልንታይ ነው ብዬ አመንኩ።

ግሪኩ ማሳያ ማሽን ይዞ ተመልሶ ፊልሙን ያሳየው ኅዳር እንደገባ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። የቆዳ መጋዘኑን መስኮት ሁሉ በቆዳ ደፈኑት፤ አቡጀዲ ገጥመው ግድግዳው ላይ ወጠሩ። አዲስ አበባ ሲኒማውን የሰይጣን ቤት ይሉታል እየተባለ ቢወራም አዳማ ያለ ሰው አንድም አልቀረ። ማኅበርተኞቹ መጡ። ቄሱም አባቴ ለምኗቸው መጡ፤ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ መስቀላቸውን ይዘው ተቀመጡ። አባቴ ከማኅበርተኞቹ መሐል ተቀምጧል። በሩ ሥር ያልተቀመጠበት ቀን ያ ነው።

መጀመሪያ አቡጀዲው ላይ ባቡር መጣ፤ ሰው ሳቀ፣ ከፊት ያሉት ወደ ኋላ ሸሹ፣ እንደገና ሳቁ። ከዚያ አባቴ ታየ። ያውና ቀጥቃጩ አሉ። አባቴም ከእነሱ ጋር ሳቀ። አቡጀዲው ላይ ያለው አባቴ ብረቱን መታ፣ መታ፣ እጁን ወደ ላይ አነሣ፤ ጉትቻው ብልጭ አለ። ወዲያው በቆመበት ጅብ ቆመ። ጆሮው ላይ ያው ጉትቻ። አፉን ከፈተ።

እኛ የምናውቀው ማዛጋት ነው። እነሱ ያዩት ሌላ ነው። በስመ አብ የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ። እናቶች ልጆቻቸውን ነጠላ ውስጥ ከተቱ። ጅቧ የአመድ ጉብታውን ቆፈረች፣ በአቡጀዲ የተጠቀለለውን ጎትታ አወጣች፣ ጨርቁን በጥርሷ ቀደደች። አባቴ አልደነገጠም። ጎኑ ወዳለው ማኅበርተኛ ዘንበል ብሎ፣ ቆይ አሁን ይመጣል፣ አሁን ታየዋለህ ሲለው በብርሃኑ አየሁት። ሰውየው ተንሸራቶ ራቀው።

ከዚያ አቡጀዲው ነጭ ሆነ። ነጭ ብቻ። ማሽኑ እየዞረ ነው፣ የሚመጣ ግን የለም። አባቴ ብድግ አለ። አንድ ይቀራል፣ አንዲት ትቀራለች እያለ ወደ ግሪኩ ዞረ። ግሪኩ እጁን ያያል። አባቴ ብርሃኑ ውስጥ ገብቶ ፊታቸው ቆመ። «ይኸው እኔ እዚህ ነኝ። እሷ ውጭ ታስራ ተኝታለች፤ ኑና እዩ።»

ከኋላ አንድ ሰው፣ ድምፁን እንኳ ሳያነሣ፣ «አይተናል» አለ።

በሩ ተከፈተ። አልተጋፉም፤ መንገድ ለቀውለት በሩቅ በሩቅ እየዞሩ ወጡ። አንድ ሰው በነካው፣ አንድ ሰው በሰደበው። ቄሱ መጨረሻ ላይ ተነሡ፤ አባቴ መስቀል ሊሳለም ጎንበስ ሲል መስቀሉን ካባቸው ውስጥ ከተው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው አለፉ። ደሜ ፈላ፣ ግን በማን ላይ ላፍስሰው።

በማግስቱ ጧት ግሪኩ መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ተናገረ። ያ የመጨረሻው ሥዕል የለም። ጥቅሉ ጅቧ ስትቆፍር አልቆ ነበር። አባቴ ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ ሲመጣ ሲያየው አልቋል ለማለት አፈረ። ሳጥኑን ባዶውን አዞረው። ፊልም ካገኘ ኋላ አንሥቶ ሊቀጥለው አስቦ ነበር፤ አዲስ አበባም ፈልጎ አጣ። እኔ የማውቀውን እርግማን ሁሉ ወረድኩበት፤ እሱ ካስተማረን ስድብም ጨመርኩለት። አባቴ በእጁ ዝም አሰኘኝ።

«ባዶውን ነው ያዞርከው?»

ግሪኩ ራሱን ነቀነቀ።

«ለእኔ ብለህ እጅህን አደከምክ» አለው አባቴ። ወደ ሥራው ተመለሰ፤ የሚሠራው ግን አልነበረውም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማረሻ የሚያመጣ ሰው ጠፍቶ ነበር። ግሪኩ ፊልሙን የት እንዳደረሰው አላውቅም። አቃጠለው ይላሉ፣ ሸጠው ይላሉ። ቢያቃጥለውም ያዩት ሰዎች አብረው አይቃጠሉም።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። አትደግስ ብዬው አልሰማኝም፤ ተራዬ ነው፣ ጽዋው እኛ ቤት ነው፣ ይመጣሉ አለ። በጉ ታረደ። ድፎ ዳቦ ደፋሁ፣ ጠላው ጠርቶ ቀረበ፣ ቄጠማ ጎዘጎዝኩ። አባቴ ነጭ ኩታውን ለብሶ አጥሩ በር ላይ ቆመ። ቄሱ አሞኛል ብለው ላኩ። ሌሎቹ ምንም አልላኩም። መንገዱን ለቀው በባቡሩ ሐዲድ በኩል ዞረው ሲያልፉ አየናቸው። ፀሐይዋ ዘቀዘቀች። አባቴ ከበሩ አልተነቃነቀም፤ እግሩ አልደከመውም ይሆን ብዬ በርጩማ ወሰድኩለት፣ አልተቀመጠም።

አካም ጅርቱ የሚል የኦሮምኛ ሰላምታ ሰማን። ሐረሬው ነው። የባቡሩ ሰዎች ጅቧን እንደገና አንጭንም ስላሉት መመለሻ አጥቶ መጋዘኑ ጀርባ ነበር። ገብቶ ተቀመጠ። ወጡን ሳቀርብ አፈርኩ፤ የክርስቲያን እጅ ያረደውን እስላም አይበላም፣ ረስቼው። እሱ ግን ምንም አልመሰለውም፤ ቢስሚላሂ ብሎ ዳቦውን ቆረሰ፣ ከፊታችን፣ ፊቱን ሳያዞር፣ ሳይከልል በላ። አባቴ ሰውየው ሲበላ ያየው ነበር። እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ሲጨርስ መደርደሪያው ላይ ያለው የተሸፈነው ነገር ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። አባቴ አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀለ ነገረው፤ ተራውን፣ ጽዋውን፣ መሸፈኛውን፣ ሁሉንም። ሐረሬው ጺሙን እየዳበሰ ሰማና ጽዋው የመልአካችሁ ነው፣ እኔ አልነካውም፣ እዚሁ ይቀመጥ አለ።

«ተራ ግን ተራ ነው። የሚመጣው ወር የእኔ ነው።»

ማኅበርተኞቹ ጽዋውን አልወሰዱትም። ቡዳ ቤት ሰነበተ ብለው ከአዲስ አበባ ሌላ አስመጡ። የፊተኛው ዛሬም እኔ ዘንድ ነው፤ ጨርቁን እያጠብኩ እመልስበታለሁ። አባቴ አንድ ቀን እንኳ ሳይጠጣበት ሞተ።

ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ቀን አባቴ ነጩን ኩታ ለበሰ። ሲወጣ እጁ ሳያውቀው ጣሳውን ከሚስማሩ ላይ አነሣ። ለምንህ ነው ስለው፣ ልማድ ነው አለኝ። ተከተልኩት። ሐረሬው የመጋዘኑን ጀርባ ጠርጎ ቁርበት አንጥፎልን ነበር። አባቴ ተረቱ ትዝ ብሎት ፈገግ አለ። ጾም ነው፤ ነቢያት። ሰውየው ገበያ ላይ ክርስቲያን በጾም ምን ይበላል እያለ ጠይቆ ቅቤ ያልነካው የምስር ወጥና ንፍሮ አዘጋጅቷል። አባቴ እንደ ለመደው መግቢያው ሥር ተቀመጠና ጣሳውን ዘረጋ።

ሐረሬው ተቀበለው። ገልብጦ አየው፣ እጀታውን አየው፣ ይህ ምን ያደርጋል አለ። ውሃ ሞላበትና ይዞት ወጣ፤ ጅቧ ፊት አስቀመጠው። ተመልሶ የራሱን ዋንጫ ቀዳ፣ ከዋንጫው ፉት አለና ለአባቴ ሰጠው።

አባቴ በሁለት እጁ ተቀበለ። ቶሎ አልጠጣም። ከዚያ ጠጣ፤ ጠጥቶ ለእኔ አሳለፈው። ውጭ ጅቧ ከጣሳው ስትጠጣ ይሰማን ነበር።